የሰውን አካል በልኩ ስለ መሣል



በዓል በቀረበ ቁጥር በአዳራሻችን አንድ ጥያቄ መነሣቱ የተለመደ ነው፤ ይኸውም «ከመካከላችን ሥዕል የሚችል ማን ነው?» የሚል ነው። ብዙውን ጊዜ እጁን የሚያነሣው አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ሲሆን የቀረነው «እኔ ተሰጥኦው የለኝም» እያልን ወደ ኋላ እናፈገፍጋለን። የሚሣለው ዛፍ ወይም አበባ ከሆነ የሚደፍር አይጠፋም፤ ሰው ከሆነ ግን ሁሉም ይሸሻል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የዛፍ ቅርንጫፍ ቢረዝም ወይም ቢያጥር የሚያስተውለው የለም፤ የሰው ክንድ ጥቂት ቢረዝም ግን ትንሽ ልጅ እንኳ አይቶ ይሥቃል። ሁላችንም ከተወለድን ጀምሮ የሰውን መልክ ስናይ ስለ ኖርን ስሕተቱን ለማግኘት ፈጣኖች ነን፤ አስተካክለን ለመሣል ግን እንቸገራለን።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው አንድ ነገር ነው። ሰውን በልኩ መሣል ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ምሥጢር ሳይሆን እንደ ንባብና እንደ ዜማ ሁሉ በትምህርት የሚገኝ ነገር ነው፤ ትምህርቱም ከእጅ በፊት የዐይን ትምህርት ነው። ልኩን የተማረ ሰው ሁለት ጥቅም ያገኛል፤ አንደኛ ራሱ መሣል ይችላል፤ ሁለተኛ ሌሎች የሣሉትን በአግባቡ መመዘን ይችላል። ይህ ሁለተኛው ጥቅም ለእኛ ከመጀመሪያው የማያንስ መሆኑን ወደ መጨረሻው እናየዋለን።

መጽሔታችን ሥዕል ለማውጣት አይመችም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ እርሳስ፥ ማስመሪያና አንድ ባዶ ወረቀት ይዘህ፥ አንቺም እኅቴ ይዘሽ፥ እያነበባችሁ እንድትሥሉ አደራ እላለሁ።

1/ ልክ ማለት ምን ማለት ነው?

ልክ ስንል የአንድ ነገር ክፍሎች እርስ በርሳቸውና ከጠቅላላው ጋር ያላቸው የመጠን ዝምድና ማለታችን ነው። አንድ ሰው ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ሳንቲም ነው ብንል የተናገርነው ስለ መጠኑ ነው። ነገር ግን ራሱ ከቁመቱ ስንተኛ እጅ ነው? እጁ ከፊቱ ጋር ሲነጻጸር ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ብለን ብንጠይቅ ስለ ልኩ መናገራችን ነው። በመታወቂያ ላይ የተለጠፈ ፎቶግራፍ ከአውራ ጣት ብዙም ባይበልጥ የማን እንደሆነ ወዲያው እናውቃለን። መጠኑ እጅግ ቢያንስም ልኩ አልተለወጠምና ነው።

ይህ አሳብ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ሜትር ሳይኖር ጨርቁንም፥ ግድግዳውንም፥ ጉድጓዱንም ሲለኩ የኖሩት በገዛ አካላቸው ነው። ጣት፥ ጋት፥ ስንዝርና ክንድ ሁሉም የሰው አካል ክፍሎች ናቸው። አራት ጣት አንድ ጋት፥ ስድስት ጋት ወይም ሁለት ስንዝር ደግሞ አንድ ክንድ ያህል ነው። የማንም ሰው ቁመት በራሱ ክንድ ሲለካ ወደ አራት ክንድ ይጠጋል፤ በትክክል ከለካነው ብዙውን ጊዜ አራት ክንድ ሊሞላ ጥቂት ይጎድለዋል። ረጅሙም አጭሩም በራሱ ክንድ ሲለካ ውጤቱ ይቀራረባል። ከጓደኛችሁ ጋር በክር ለክታችሁ ብታረጋግጡ ትደሰታላችሁ።

በሰንበት ትምህርት ቤት ሁላችንም የምናውቀው የኖኅ መርከብ እንኳ የተለካው በክንድ ነው፤ ርዝመቱ 300፥ ወርዱ 50፥ ከፍታው 30 ክንድ እንደ ነበረ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 6 ተጽፏል። የሂፖው አውግስጢኖስ «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው መጽሐፉ ስለዚህ ልክ አንድ የሚያስገርም ነገር አስተውሏል። የመርከቡ ርዝመት ከወርዱ 6 እጥፍ፥ ከከፍታው 10 እጥፍ ነው። በምድር ላይ የተኛ ሰውም ከአናቱ እስከ እግሩ ያለው ርዝመት ከጎን ወደ ጎን ካለው ስፋት 6 እጥፍ፥ ከጀርባ እስከ ሆድ ካለው ውፍረት ደግሞ 10 እጥፍ ያህል ነው ሲል አነጻጽሮታል። እንግዲህ የሰውን ልክ መመርመር ሥራ ፈትነት አይደለም፤ ከጥንት ጀምሮ ሊቃውንት የደከሙበት ነው።

2/ የጥንት ሰዎች ምን አደረጉ?

የጥንት ግብፃውያን ሠዓልያን በግድግዳ ላይ ሰው ከመሣላቸው በፊት በቀይ ቀለም የካሬ መስመር ይዘረጉ ነበር። የቆመ ሰው ከጫማው ሥር እስከ ግንባሩ ፀጉር መነሻ 18 ካሬ እንዲሆን ተወስኖ ነበር። ሥራቸው ሳይጠናቀቅ በቀረ መቃብሮች ግድግዳ ላይ እነዚህ መስመሮች እስከ ዛሬ ይታያሉ። በዚህ ዘዴ አንዱ ሠዓሊ የጀመረውን ሌላው ቢጨርሰው ልኩ አይፋለስም ነበር።

በግሪክ አገር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን ፖሊክሌይቶስ የተባለ ቅርፃ ቅርፅ ሠሪ ስለ ሰው አካል ልክ መጽሐፍ ጻፈ፤ ትምህርቱንም በሥራ ለማሳየት ጦር የያዘ ሰው ሐውልት በነሐስ ሠራ። መጽሐፉም ነሐሱም ጠፍተዋል፤ ሐውልቱን ዛሬ የምናውቀው ሮማውያን በእብነ በረድ ከቀዱት ነው። ከእርሱ በኋላ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተነሣው ሊሲጶስ ደግሞ ራሱን አነስ፥ አካሉን ቀጠን እያደረገ ስለ ሠራ ሐውልቶቹ ረጃጅም መስለው ታዩ። ይህ ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል። የራስ መጠን ሲያንስ ሰውየው ይረዝማል፤ ራስ ሲተልቅ ሰውየው ያጥራል፤ ቁመቱ በወረቀቱ ላይ አንድ ቢሆንም እንኳ።

ቪትሩቪየስ የተባለ ሮማዊ የሕንፃ መሐንዲስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን በጻፈው መጽሐፍ፥ ራስ የቁመት 8ኛ እጅ፥ ከአገጭ እስከ ፀጉር መነሻ ያለው ፊት 10ኛ እጅ፥ እግር 6ኛ እጅ፥ ክንድ 4ኛ እጅ መሆኑን ገለጸ። ሌኦናርዶ ዳ ቪንቺ እ.ኤ.አ. በ1490 ገደማ በክብና በካሬ ውስጥ እጁንና እግሩን ዘርግቶ የቆመውን ታዋቂ ሰው የሣለው ይህን ጽሑፍ መሠረት አድርጎ ነው፤ ሥዕሉ ዛሬ በቬኒስ ከተማ ይገኛል። ጀርመናዊው አልብሬኽት ዱሬር ደግሞ ስለ ሰው ልክ የጻፋቸው አራት መጻሕፍት በሞተበት ዓመት በ1528 እ.ኤ.አ. ታተሙ። ዱሬር ብዙ ወንዶችንና ሴቶችን መርምሮ የደረሰበት ነገር፥ ሰው ሁሉ አንድ ልክ ብቻ የለውም የሚል ነው። ወፍራሙም፥ ቀጭኑም፥ ሕፃኑም የየራሳቸው ልክ አላቸው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንማረው መለኪያ መነሻችን እንጂ ሰውን ሁሉ በግድ የምናስገባበት ሣጥን አይደለም።

3/ ቁመቱን በአራት እኩል መክፈል

አሁን እርሳሳችሁን አንሡ። በወረቀቱ መካከል 24 ሳንቲም የሆነ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ላይኛው ጫፍ አናት፥ ታችኛው ጫፍ የእግር ጫማ ነው። መስመሩን በ6፥ በ12 እና በ18 ሳንቲም ላይ ምልክት እያደረጋችሁ በአራት እኩል ክፈሉት። ፊት ለፊት የቆመ ጎልማሳ ሰው እንደሚከተለው ይሆናል፤

ሀ/ የመጀመሪያው ምልክት (6 ሳንቲም) የጡት ጫፍ ላይ ይውላል።
ለ/ ሁለተኛው ምልክት (12 ሳንቲም) የቁመቱ እኩሌታ ሲሆን ብሽሽት ላይ ይውላል።
ሐ/ ሦስተኛው ምልክት (18 ሳንቲም) ከጉልበት ሎሚ በታች ይውላል።
መ/ የቀረው እስከ ጫማው ድረስ ባትና ቁርጭምጭሚት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ልብ ማለት የሚገባው ሁለተኛው ነው። ብዙ ጀማሪዎች የሰው እኩሌታ ወገቡ ወይም እምብርቱ ይመስላቸዋል፤ በዚህም ምክንያት የሚሥሉት ሰው እግሩ አጭር፥ ደረቱ ረጅም ይሆናል። እምብርት ግን ከእኩሌታው በላይ ነው፤ በእኛ መስመር ላይ ከአናት ወደ ታች 9 ሳንቲም ተኩል ገደማ ላይ ይገኛል።

ቀጥለን ራሱን እንሥላለን። የራስ ቁመት የሚለካው ከአናት እስከ አገጭ ነው። ፀጉሩ ጎፈሬ ከሆነ ወይም ሴቲቱ ሻሽ ካሰረች መለካት ያለብን የራስ ቅሉን እንጂ ፀጉሩን ወይም ሻሹን አይደለም። አብዛኛው ጎልማሳ ሰው ቁመቱ ሰባት ራስ ተኩል ያህል ነው። ጀግኖችንና መላእክትን ግርማ ለመስጠት የሚፈልጉ ሠዓልያን ስምንት ራስ ያደርጉታል። በ24 ሳንቲም መስመራችን ላይ ሰባት ራስ ተኩል ስናደርገው የአንድ ራስ ቁመት 3.2 ሳንቲም፥ ስምንት ስናደርገው 3 ሳንቲም ይሆናል። ልዩነቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱንም ጎን ለጎን ብትሥሏቸው አንዱ የሠፈር ሰው፥ ሌላው የታሪክ ጀግና መስሎ ይታያችኋል።

የትከሻ ስፋት የቁመት 4ኛ እጅ ያህል ስለሆነ በእኛ ሥዕል 6 ሳንቲም ይሆናል። በሴቶች ትከሻው ጠበብ ይላል፤ ዳሌው ከትከሻው ጋር ሲነጻጸር ሰፋ ይላል። አንገት ራሱን የቻለ አካል ስለሆነ አገጩን በትከሻው ላይ እንዳታስቀምጡት ተጠንቀቁ።

4/ ክንድ፥ እጅና እግር

ክንዱን ወደ ታች ለቆ በቆመ ሰው ላይ ክርኑ ከወገቡ ጋር፥ የእጁ አንጓ ከብሽሽቱ ጋር ይስተካከላል፤ የጣቶቹ ጫፍ ደግሞ እስከ ጭኑ አጋማሽ ይደርሳል። ሁለት ክንዱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቢዘረጋ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ያለው ርቀት ከቁመቱ ጋር እኩል ሊሆን ይቀርባል። የስቅለትን ሥዕል ለመሣል የሚሞክር ሁሉ ይህን ማወቅ ይጠቅመዋል፤ ብዙ ጊዜ ክንዶቹ የሚያጥሩት የመስቀሉ አግድም እንጨት ለወረቀቱ ሲባል ስለሚያጥር ነው።

እጅን በተመለከተ መዳፋችሁን በፊታችሁ ላይ አድርጉ። የመዳፋችሁ ግርጌ አገጫችሁ ላይ ሲሆን የመካከለኛው ጣት ጫፍ ወደ ፀጉራችሁ መነሻ ይጠጋል። እንግዲህ እጅ ፊትን ያህላል ማለት ነው። የጀማሪ ሥዕል ግን ሁልጊዜ እጁ ትንሽ ነው፤ እጅ ለመሣል አስቸጋሪ ስለሆነ ፈርተን እናሳንሰዋለን። እግርም እንዲሁ ነው። ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ያለው ርዝመት የቁመት 6ኛ ወይም 7ኛ እጅ ስለሆነ ከራስ ቁመት ይበልጣል። ትንሽ እግር ያለው ሰው በሥዕል ላይ የሚወድቅ መስሎ ይታያል።

ጋቢ ወይም ነጠላ የለበሰ ሰው ስትሥሉም ሥራውን ከልብሱ አትጀምሩ። በመጀመሪያ ትከሻውን፥ ክርኑንና ጉልበቱን በስሱ ምልክት አድርጉ፤ የልብሱ እጥፋት የሚንጠለጠለው ከእነዚህ ላይ ነውና። አካሉን ሳያውቁ ልብሱን መሣል ምሰሶ በሌለበት ጣሪያ ለመክደን እንደ መሞከር ነው።

5/ ፊት

አንድ የእንቁላል ቅርፅ ሣሉና በአግድም ከመካከሉ ክፈሉት። ዐይኖች የሚቀመጡት በዚህ መስመር ላይ ነው። ይህን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ላይ አያምንም፤ ዐይን ከራስ በላይኛው ክፍል ያለ ይመስለዋል። ምክንያቱም ሰው ስናይ ዐይኑን፥ አፍንጫውንና አፉን እንመለከታለን እንጂ ግንባሩንና አናቱን ልብ አንልም፤ ልብ ያላልነውንም ስንሥል እናሳጥረዋለን። ማስመሪያ ወስዳችሁ በመስተዋት ፊት ብትለኩ ከዐይን እስከ አናት ያለው ከዐይን እስከ አገጭ ካለው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

የራስ ስፋት በዐይን መስመር ላይ አምስት ዐይን ያህል ነው። በሁለቱ ዐይኖች መካከል አንድ ዐይን የሚያስገባ ቦታ አለ። ከፀጉር መነሻ እስከ ቅንድብ፥ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ሥር፥ ከአፍንጫ ሥር እስከ አገጭ ያሉት ሦስቱ ክፍሎች እኩል ሊሆኑ ይቀርባሉ። ጆሮ በቅንድብና በአፍንጫ ሥር መካከል ይውላል። እነዚህን ካወቅን በኋላ የአንድን ሰው መልክ ከሌላው የሚለየው ከዚህ ልክ ያለው ጥቂት ፈቀቅታ መሆኑን እንረዳለን። የአንዱ አፍንጫ ይረዝማል፤ የሌላዋ ግንባር ይሰፋል። መነሻውን የማያውቅ ልዩነቱን አያይም።

6/ ሕፃንና አረጋዊ

ሕፃን የተቀነሰ ጎልማሳ አይደለም። አሁን የተወለደ ሕፃን ቁመቱ አራት ራስ ያህል ብቻ ነው፤ የአካሉም እኩሌታ ብሽሽቱ ሳይሆን እምብርቱ አካባቢ ነው። በሦስት ዓመት ገደማ አምስት ራስ፥ በስድስትና በሰባት ዓመት ስድስት ራስ ያህል ይሆናል። ሲያድግ ይበልጥ የሚረዝሙት እግሮቹ ናቸው። የሕፃን ዐይን ከራሱ እኩሌታ ዝቅ ይላል፤ ግንባሩ ሰፊ፥ አገጩ ትንሽ ነው። እናት ሕፃን አዝላ ለመሣል የሚፈልግ ይህን ካላወቀ ያዘለችው ልጅ ሳይሆን ድንክ ሰው ይመስላል።

አረጋውያን ደግሞ ጀርባቸው ስለሚጎብጥ ቁመታቸው ይቀንሳል። የክንዳቸው አጥንት ግን አያጥርም፤ ስለዚህ እጃቸው ወደ ጉልበታቸው የቀረበ ይመስላል። በምርኩዝ የቆሙ አባት ስትሥሉ ሽበትና የፊት መጨማደድ ብቻ አይበቃም፤ ዕድሜያቸውን የሚናገረው ይህ የልክ ለውጥ ነው።

7/ ከሕያው ሰው መለካት

እስካሁን የተማርነው ቀጥ ብሎ ለቆመ ሰው ነው። ሰው ግን ይቀመጣል፥ ያጎነብሳል፥ ይሰግዳል። በዚህ ጊዜ የሚረዳን እርሳሳችን ነው። ክንዳችሁን ሳታጥፉ ሙሉ በሙሉ ዘርግታችሁ እርሳሱን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። አንድ ዐይናችሁን ጨፍኑ። የእርሳሱን ጫፍ ከተቀመጠው ሰው አናት ጋር አስተካክሉ፤ አውራ ጣታችሁን አገጩ እስኪደርስ ዝቅ አድርጉ። ይህ አንድ ራስ ነው። ከዚያ አውራ ጣታችሁን ሳታንቀሳቅሱ ይህን መጠን ወደ ታች እየደጋገማችሁ ቁጠሩ። ክንዳችሁ ከታጠፈ መለኪያው ይለወጣልና ተጠንቀቁ።

ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ከአናቱ እስከ መቀመጫው ያለው ከሙሉ ቁመቱ እኩሌታ ጥቂት ይበልጣል። ፊት ለፊት የተቀመጠ ከሆነ ግን ጭኑ ወደ እናንተ ስለተዘረጋ እጅግ አጥሮ ይታያል። እዚህ ላይ ዐይንና አእምሮ ይጣላሉ። አእምሮ «ጭን ረጅም ነው» ይላል፤ ዐይን «አሁን አጭር ሆኖ ይታያል» ይላል። አእምሮን የሰማ ሰው ሥዕሉ ከወንበሩ ተንሸራቶ የሚወድቅ ሰው ይሆንበታል። እርሳሱ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ በሁለቱ መካከል እንደ ሽማግሌ ይዳኛል።

ለቆመ ሰው ደግሞ ግንበኞች ግድግዳ የሚያቀኑበትን ቱምቢ አስቡ። ክር ጫፍ ላይ ትንሽ ድንጋይ አስራችሁ ብታንጠለጥሉ ይበቃል። ሰው በአንድ እግሩ ላይ ተደግፎ ሲቆም ከአንገቱ ሥር ጉድጓድ የወረደው ክር ክብደቱን በተሸከመው እግር ቁርጭምጭሚት አጠገብ ያርፋል። በዚያ ወገን ዳሌው ከፍ፥ ትከሻው ዝቅ ይላል። ይህን ያስተዋለ ሠዓሊ የሚሥለው ሰው በምድር ላይ የቆመ ይመስላል።

8/ የቤተ ክርስቲያናችን ሥዕሎችና ልካቸው

ይህን ሁሉ የተማረ ወጣት እሑድ ዕለት ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ግድግዳውን ሲመለከት አንድ ፈተና ይገጥመዋል። የቅዱሳኑ ዐይኖች ትላልቅ ናቸው፤ ራሳቸው ከአካላቸው ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነው፤ ፈረሱ ከጋላቢው ያንሳል። «የድሮ ሠዓልያን መሣል አይችሉም ነበር» የሚለው ቃል ከአፉ ለመውጣት ይቸኩላል። ይህ ፍርድ ግን ትክክል አይደለም።

ልክ የመጠን ዝምድና ነው ብለናል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊም ልክ አለው፤ የሚለካው ግን አጥንትን ሳይሆን ክብርን ነው። በጣና ሐይቅ በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ተደፍተው ይታያሉ። እቴጌይቱ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ታላቅ ሥልጣን የነበራቸው ንግሥት ቢሆኑም በሥዕሉ ላይ ከእመቤታችን እጅግ ያነሱ ሆነው ነው የተሣሉት። ይህ የመለካት ጉድለት አይደለም፤ ማን ከማን እንደሚበልጥ የሚናገር ልክ ነው። እንዲሁም ጻድቃን ሁለት ዐይናቸው እየታየ ፊት ለፊት፥ ክፉዎች ደግሞ በአንድ ዐይን በጎን መሣላቸው የታወቀ ሕግ ነው። ዐይን የተለቀው ቅዱሱ የሚለምነውን ምእመን እንዲመለከተው ነው። በብዙ ጥንታዊ ሥዕሎች ሕፃኑ ክርስቶስ እንደ ትንሽ ጎልማሳ የሚታየውም ሠዓሊው ሊያሳየን የፈለገው ዕድሜውን ስላልሆነ ነው።

እነዚህ ሠዓልያን ሥራቸውን የማያውቁ አልነበሩም። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) የነበረው ፍሬ ጽዮን የሣላቸውን የእመቤታችንን ሥዕሎች የተመለከተ ሰው መስመሩ እንዴት ያለ ጥንቃቄ እንዳለበት ያያል። የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ በረድፍ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶችም ልክ በማያውቅ እጅ ሊሠሩ አይችሉም ነበር።

በሌላ በኩል አጥንትን የሚለካው ትምህርትም ወደ አገራችን ገብቷል። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቁመዋል፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በለንደን የተማሩት ሎሬት አፈወርቅ ተክሌም በአዲስ አበባ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ሥዕሎችን ሠርተዋል። ስለዚህ ዛሬ በአብያተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሁለቱም ልኮች ጎን ለጎን ይገኛሉ። አንዱን በሌላው ሕግ መፍረድ በግእዝ ቅኔ ላይ የአማርኛን ሰዋስው ይዞ እንደ መፍረድ ነው።

ይህ ነገር የክርክር ብቻ አይደለም። ከእኛ መካከል ብዙዎች ነገ የሰበካ ጉባኤ አባላት፥ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ አባላት እንሆናለን። አንድ ቀን «ይህ ያረጀ ሥዕል መልኩ የተዛባ ስለሆነ በአዲስ ቀለም ይሸፈን፥ በሚያምር ሥዕል ይተካ» የሚል አሳብ ይቀርብልናል። በዚያን ሰዓት እጃችንን የምናነሣው ባለን እውቀት ነው። አዲስ ቀለም ከተቀባ በኋላ «ለካ ያኛው የራሱ ልክ ነበረው» ማለት ምንም አይመልስም። ልክ ያልተማረ ሰው ያልገባውን ሁሉ ስሕተት ነው ይላል፤ ግማሽ የተማረም እንዲሁ። በሚገባ የተማረ ግን በመጀመሪያ «ይህ ሠዓሊ የለካው ምንን ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

9/ የአራት ሳምንት ልምምድ

ለመጀመር ለምትፈልጉ ሁሉ በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

አንደኛ ሳምንት፦ በ24 ሳንቲም መስመር ላይ አራቱን ክፍሎች እያደረጋችሁ በየቀኑ አንድ የቆመ ሰው ሣሉ። መልክ አታውጡለት፤ ልኩ ብቻ ይበቃል።

ሁለተኛ ሳምንት፦ በመስተዋት ፊት ተቀምጣችሁ የገዛ ፊታችሁን ሣሉ። ዐይን በእኩሌታው መስመር ላይ መሆኑን በየጊዜው ለኩ። የግራ እጃችሁንም ጨምራችሁ ሣሉ፤ የሚቀመጥላችሁ ሰው ቢታጣ እጃችሁ ሁልጊዜ አብሯችሁ ነው።

ሦስተኛ ሳምንት፦ ቤተሰብ ሲቀመጥ፥ እናት ቡና ስታፈላ፥ ወንድም ሲያጠና፥ በእርሳስ እየለካችሁ ሣሉ። የሚሣለው ሰው ቢንቀሳቀስ አትበሳጩ፤ አዲስ ወረቀት ጀምሩ።

አራተኛ ሳምንት፦ አጥቢያችሁ ካሉት ሥዕሎች አንዱን መርጣችሁ በጥሞና ተመልከቱና ራሱ በቁመቱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገባ በዐይናችሁ ቁጠሩ። ማን ተልቆ ማን አንሶ እንደተሣለ፥ ማን ፊት ለፊት ማን በጎን እንደሆነ በደብተራችሁ ጻፉ። ከዚያም ምክንያቱን አባቶችን ጠይቁ።

ወረቀት ውድ ነው የሚል ካለ ያገለገለ ደብተር ጀርባ፥ የአሮጌ ካላንደር ገጽ፥ ካልሆነም የከሰል ስባሪና ለስላሳ ድንጋይ ይበቃል። የሣላችሁትንም አትቅደዱ፤ ቀን ጻፉበትና አስቀምጡት። ከወር በኋላ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ጎን ለጎን ስታዩ «ተሰጥኦ የለኝም» የሚለው ቃል ከየት እንደ መጣ ትገረማላችሁ።

በመጨረሻም፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ሰውን በልኩ መሣል የሚጀምረው «አውቀዋለሁ» የምንለውን ትተን ፊታችን ያለውን በመመልከት ነው። የሰው እጅ ከገመትነው ይተልቃል፤ ዐይኑ ካሰብነው ዝቅ ይላል፤ ሕፃኑም ትንሽ አዋቂ አይደለም። ይህን የሚያስተምረን የአንድ እርሳስ ዋጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ለሚመጣው በዓል «ሥዕል የሚችል ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ እጃቸውን የሚያነሡት ከሁለት እንዲበልጡ፥ ዛሬውኑ 24 ሳንቲሙን መስመር አስምረን እንጀምር።